ጆሮህን ንካ

ሰኔ አጋማሽ ነው። ከጅረን ቁልቁል ዝናቡ ወረደ፣
ቆርቆሮው ላይ ሲደልቅ ድምፄን ይዞት ሄደ።
ልጆቹ ወጥተዋል፤
ጠመኔው ረጥቧል፤
አንድ ነጠላ ጫማ በር ላይ ተረስቷል።
አርባ ሁለት ስም ያለበት ቅጽ ከፊቴ ተዘርግቷል፤
ከየስሙ ጎን ሁለት ሣጥን፣ ሌላ ምርጫ የለም፦
«ለአንደኛ ክፍል ዝግጁ ነው?» አዎ። አይደለም።

ድሮማ ቀላል ነበር። እኔን ሲመዘግቡኝ
«እጅሽን በአናትሽ ላይ አሳልፊ» አሉኝ፤
የቀኝ ጣቴ ጫፍ ግራ ጆሮዬን ነካ፣
ዕድሜዬም ዕውቀቴም በዚያው ክንድ ተለካ።

ሎሚቱ፣ ከጎኔ ክፍል፣ ሃያ ዓመት የቆመች፣
ቅጹን ገና ሳታነብ ሳቀች፦
«ፊደሉን ተዪው፣ እሱ ይደርሳል።
ሱሪውን ራሱ ይፈታል?
ሽንቴ መጣ ብሎ ይናገራል?
እናቱ በር ላይ ስትዞር ዕንባውን ይውጣል?
ይህን ከቻለማ ሌላው መች ያቅተዋል!»

አዲሷ ነዒማ፣ ኮሌጅ የጨረሰች አምና፣
እርሳስ አያያዝ ላይ ነው የርሷ ፈተና፦
«በሦስት ጣት ይያዝ፤ መስመሩን ይጠብቅ፤
እስከ ሃያ ይቁጠር አሥራ ስድስትን ሳይደብቅ፤
ያለዚያ አንደኛ ክፍል ሲገባ ይወድቃል፣
የወደቀ ልጅ ደግሞ ራሱን ይንቃል።»

ዳይሬክተሩም አላቸው የራሳቸው ሐሳብ፦
«ወላጅ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ማንበብ።»

እኔ?
እኔማ እስኪርቢቶዬን ይዤ
ስም እቆጥራለሁ፣ በዝናብ ታግጄ።

ኢፍቱ። «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» ብላ መቶ ትደርሳለች፤
ደግሞ በአማርኛ ከመቶ ትመለሳለች።
ግን አባቷ ጠዋት ከባጃጁ ሲያወርዳት
እስከ ዕረፍት ደወል ዕንባዋ አይለቃት።
የጫማዋን ማሰሪያ ማሰር አትችልም፤
የትኛው ሣጥን ናት? ቅጹ አይነግረኝም።

ኦይታ። ከዳውሮ የመጣው ከፋሲካ ወዲህ ነው፤
ዝም ይላል። ስላላወቀ ነው ወይስ ስላላወቅነው?
በጭቃ የሠራት ላም መስኮቱ ላይ ደርቃለች፤
አራት ጡት አላት፣ ልክ አራት።
ማን አስቆጠረው?

ተማም ደግሞ አለ። እርሳስ ሲይዝ እንደ መዶሻ፣
«ሀ»ው እግር አውጥቶ ይሄዳል እስከ ደብተሩ መጨረሻ።

ትናንት ጠዋት ለጨዋታ አሰለፍኳቸውና
«ጆሯችሁን ንኩ» አልኩ፣ ያቺን የድሮ ፈተና።
ያ ሁሉ ትንሽ ክንድ አናቱን አቀፈ፤
አንዱ ቅንድቡን ያዘ፣ አንዱ ወድቆ ተነጠፈ።
ተማም ታገለ። ጣቱ ከጆሮው በላይ ቀረ፤
ምላሱን አውጥቶ፣ በእግሩ ጣት ቆሞ ሞከረ።
ሲያቅተው ጊዜ
ፊቷን ወደምትጠርገው ኢፍቱ እጁን ሰደደ፣
የሷን ጆሮ ነካ።
«ይኸው ጆሮ!» አለኝ።
ሳቋ መጣ፤ ዕንባው እንዳለ ወረደ።

ይህ የት ይጻፋል?
ቅጹን ገለበጥኩት። ጀርባው ባዶ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ደግሞ አጥሩን ተሻግሬ
አንደኛ ክፍልን አየሁ፣ በሩን ገፍትሬ።
የዴስኩን ቁመት ለካሁ፤ የተማም እግር ይንጠለጠላል፤
የሽንት ቤቱ መቀርቀሪያ ለኢፍቱ እጅ ርቋል፤
ዝናብ ሲመታው ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ ማን ይሰማል?
ኦይታን በቋንቋው «ና» የሚለው ማን አለ?
ለክፍሉ ግን ቅጽ አልመጣም፤
«አንተስ ዝግጁ ነህ?» ያለው የለ።

ዝናቡ አባርቷል። አወቱ ደፍርሶ ከድልድዩ ሥር ይጮኻል፤
ዘበኛው አባ መጫ ቁልፉን እያንቃጨለ ይጠብቀኛል።
ኢፍቱ ላይ «አዎ» አልኩ።
ኦይታ ላይ «አዎ»፣ እስኪርቢቶዬ ትንሽ ቆም ብሎ።
ተማም ላይ ስደርስ፣ ማንም እንደማያየኝ አይቼ፣
ቀኝ እጄን በአናቴ አሳለፍኩ፤ አሁንም ይደርሳል።
ከዚያ በሁለቱ ሣጥን መሃል፣ በቀጭኗ መስመር ላይ፣
«ጆሮ ነክቷል» ብዬ ጻፍኩ፤
የማን እንደሆነ ሳልል።